ያልተገለበጠችው አዳፕተር

«እታለም፣ ያቺን አዳፕተር ልወስዳት ነው የመጣሁት።»

አክስቷ እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሳች። መኪናው ተንገጫግጮ ቆመ። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች፣ በሩን አንዴ ገልመጥ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ማን አየሽ?» አለች።

«ምን ሳደርግ?»

«ስትወስጃት ነዋ! ባለሱቁ ነው ያየሽ ወይስ ያ ለፍላፊው ልጅ?»

ነገሩ እስኪገባት ጭምቷ ዓይኗን ስታርገበግብ ቆየች። ሲገባት ሳቋ አመለጣት። በቀላሉ የምትስቅ ሰው አይደለችም። ጭምቷ የሚለውን ስም ያወጣችላት ራሷ አክስቷ ናት፤ በሕፃንነቷ እንግዳ ሲመጣ መጋረጃ ኋላ ገብታ፣ ተጠርታም ተለምናም ከረሜላ ታይቶላትም የማትወጣ ልጅ ስለነበረች። ስሙ ተከትሏት ትምህርት ቤት ገባ፣ ከዚያም ተከትሏት ሥራ ገባ። አሁን የምትሠራበት የሻንጣ ሱቅ ውስጥ ዋናውን ስሟን የሚያስታውስ የለም።

«ኧረ እታለም! ሰርቄ መሰለሽ እንዴ? ጋሼ እኮ ናቸው የሰጡኝ። ዕቃው መጀመሪያ የገባ ዕለት ለሁላችንም አንድ አንድ መረቁልን።»

«የመረቀ ሰው ታዲያ መልሱልኝ ይላል?»

«ለራሳቸው አይደለም የፈለጉት። አደገኛ ሆኖ ተገኘ። የሠራው ፋብሪካ ራሱ ነው ከየገዛው ሰው ሰብስቡ ያለው። ሽፋኑ ይላላና ስትነቅይው እግሮቹ ግድግዳው ላይ ይቀራሉ። ከዚያ ኮረንቲ ይይዝሻል።»

«ኮረንቲ» አለች አክስቷ። ደንበኛ ቀጠሮ አፍርሶ ሰበብ ሲደረድርላት በምትሰማበት ፊት ነበር የሰማቻት። «ይህን ሁሉ ዓመት ተከባብረን የኖርን፣ ዛሬ ተነስታ ትይዘኝ?»

«እውነቴን ነው።»

«እኔስ መቼ ዋሸሽ አልኩ?»

ጭምቷ አሁንም ሳቋ ከፊቷ አልጠፋም ነበር። እሷና ስርቆት! እሷና ባለሱቁ ፊት በሌብነት መቆም! በጣም ስለራቀባት አስቂኝ ሆነባት። አክስቷ ግን አልሳቀችም። የልጅቷን ፊት ለጥቂት ጊዜ ስታጠናው ቆየችና መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ወደ ጨርቋ ተመለሰች።

የአክስቷ ቤት ፊት ለፊቱ ስፌት ቤት፣ ከመጋረጃው ወዲያ መኝታ ቤት ነው። ጭምቷ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያደገችው በዚያ መጋረጃና በዚህ የስፌት መኪና መካከል ነው። ያለበሳት፣ ያበላት፣ ዩኒቨርሲቲ ያስገባት የዚህች ሴት እጅ ነው። ያን እጅ የማያውቅ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። አክስቷ ጨርቅ በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ መሃል ይዛ አንዴ ፈተግ ካደረገችው፣ ሲታጠብ ይገባ እንደሆነ፣ ሲተኮስ ይለሰልስ እንደሆነ፣ ነጋዴው «ጥጥ ነው» ብሎ የማለበት ጥጥ ይሁን አይሁን ትናገራለች። «ዓይኔማ ጡረታ ከወጣ ቆየ። አሁን የምሰፋው በጣቴ ነው» ትል ነበር። ቀልድም አልነበረም። መርፌ ላይ ክር ስታስገባ ዓይኗ በር በሩን እያየ፣ ጣቷ ቀዳዳውን ዳብሶ ያገኘዋል።

የስፌት መኪናዋን አገር ለቃ የምትሄድ ደንበኛዋ ናት ትታላት የሄደች። ጥሩ መኪና ነበረች፤ ሦስት ጠፍጣፋ የሶኬት እግሮቿ ግን ከቤቱ ግድግዳ ክብ ቀዳዳ ጋር አልተዋወቁም። የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሠሪ «ሶኬቱን ቆርጬ ልቀይርልሽ» ቢላት፣ «እግሯን ቆርጠህ በሰው እግር ሂጂ ልትላት ነው? መኪናዬ እንደመጣች ትኑር» ብላ አባረረችው። ጭምቷ አዳፕተሯን ያመጣችላት ያን ጊዜ ነው። መንገደኛ ሆቴል ገብቶ ለጥቂት ቀን ስልኩን ቻርጅ እንዲያደርግባት የተሠራች ትንሽ ነጭ ዕቃ፣ በአክስቷ ግድግዳ ላይ ጎጆ ወጥታ ዓመታት ኖረች። የጨርቅ ሳጥኑ ከፊቷ ስለቆመ ከዚያ ወዲህ ያያት ሰው የለም። ማብራትና ማጥፋቱ ከመኪናው ላይ ስለነበር፣ አክስቷም እሷን የምትነካበት ምክንያት ብዙ አልነበራትም።

ጭምቷ ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ ካርቶን አወጣች። «አዲሷን ይዤልሽ መጥቻለሁ። በመልክ አንድ ናቸው። አሮጌዋን ንቀይና ስጪኝ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

«ይህ ሁሉ ጋዋን ተቆልሎ እያየሽ?» አክስቷ በአገጯ ወደ ሳጥኑ አመለከተች። የመዋለ ሕፃናት ጋዋኖች ናቸው፣ ሰማያዊ፣ ኪሳቸው ላይ ቢጫ ጠርዝ ያለባቸው። የተቆረጠው ጨርቅ እጀታው ለብቻ፣ ኪሱ ለብቻ፣ አንገቱ ለብቻ እየሆነ ሳጥኑ ላይ በየልኩ ተደርድሯል። «ሳጥኑን ካነቃነቅሽብኝ የትልቁ ልጅ እጀታ ከትንሹ ይቀላቀልና አለቀልኝ። ሂጂ ሥራሽ ይረፍድብሻል። ነገ እኔው ራሴ አመጣታለሁ።»

«እታለም...»

«አመጣታለሁ አልኩሽ። መቼ ቃሌን አጥፌ አውቃለሁ?»

በዚህ ቤት አንድ ነገር ሁለት ጊዜ መናገር ለጭምቷ ሆኖላት አያውቅም። ደግሞም በእርግጥ ረፍዶባት ነበር። «እሺ፣ ስትነቅያት ብቻ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፊው» አለች።

«እሺ እናቴ። እሺ እመቤቴ። ሂጂ አሁን።»

ካርቶኗን የስፌት ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

የሻንጣው ሱቅ ሰፊ አይደለም። ሻንጣው እስከ ኮርኒሱ ተደርድሯል፤ ከመደርደሪያው በታች የሻንጣ ቁልፍ፣ የአንገት ትራስ፣ የፓስፖርት ቦርሳ ይሸጣል። ባለሱቁ ሽማግሌ ናቸው። የአዳፕተሩ ነገር የተሰማ ዕለት፣ ጎረቤት ነጋዴዎች «ምነው ጋሼ፣ ዝም ብለው ቢያልፉት! ሰው ይሸሽዎታል» እያሏቸው፣ ማስታወቂያውን መስተዋቱ ላይ በትልቁ ለጥፈውታል። አሮጌውን ላመጣ ሁሉ አዲስ ይሰጣል። አሮጌውና አዲሱ የሚለዩት በጀርባቸው ብቻ ነው። አዲሱ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ የምስር ፍሬ የምታክል ኮከብ ታትማበታለች። አሮጌው ኮከብ የለውም።

ሥራውን ለጭምቷ ሰጧት። ሰው አዳፕተር ይዞ ሲመጣ ትቀበላለች፣ ትገለብጣለች፣ ኮከብ ከሌለው አዲስ ትሰጣለች። አሮጌውን ወደ ጎን ስታስተላልፈው ሬዲዮ በፒንሳ እግሮቹን አጣምሞ፣ ዳግመኛ የትም ግድግዳ ላይ እንዳይሰካ አድርጎ ካርቶን ውስጥ ይጥለዋል። ሬዲዮ ማለት አክስቷ ለፍላፊው ልጅ የምትለው ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚያወራና ማጥፊያው የት እንደሆነ ስለማይታወቅ ነው ስሙ የወጣለት።

መገልበጡ ቀላል ሥራ ይመስል ነበር። አልነበረም። ሰው ዕቃውን ሰጥቶ ዓይኑ እያየ ሲገለበጥበት ይከፋዋል።

«ምን ታያለሽ? ከናንተ ነው የገዛሁት እኮ» ይላታል አንዱ።

«አውቃለሁ። ሥራዬ ሆኖ ነው።»

«ሌባ እመስላለሁ?»

እዚህ ላይ ሬዲዮ ጣልቃ ይገባል። «ኧረ ጌታዬ፣ እሷ የራሷንም እጅ ገልብጣ ሳታይ አትታጠብም!» ሰውየው ይስቃል፣ ነገሩ ያልፋል። አንድ ቀን እውነትም አንድ ጎረምሳ ከሌላ ሱቅ የገዛውን፣ በመልክም የማይገናኝ ዕቃ አምጥቶ አዲስ ሊወስድ ሞክሮ ነበር። ጭምቷ ገልብጣ አየችና «ይቅርታ፣ ይህ የኛ አይደለም» አለችው፤ ጆሮዋ እየጋለ፣ ግን አለችው። ከዚያ ወዲህ ባለሱቁ «ይህቺ ልጅ ዝም ብላ ነው እንጂ ብረት ናት» ማለት ጀመሩ። እሷም በልቧ ትንሽ ኮራች።

አክስቷ እንዳለችው በማግስቱ መጣች። ከቤት የምትወጣበትን ካፖርት ለብሳ፣ ሻሿን አጥብቃ፣ ደስ የማይል ቦታ እንደተጠራ ሰው ቀጥ ብላ ገባች። ለጭምቷ ራሷን ነቀነቀችላት እንጂ ወደ እሷ አልሄደችም። በቀጥታ ባለሱቁ ወደተቀመጡበት ሄዳ፣ ከጋዋኑ ትርፍራፊ ሰፍታ በክር የምትዘጋ ትንሽ ሰማያዊ ከረጢት በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«ይኸውልዎት። እዚህች ልጅ እጅ የነበረችው ናት። እኛ ቤት ከገባችበት ቀን ጀምሮ በክብር ነው የኖረች። ምንም አልጎደለባትም።»

ባለሱቁ ምን እንደተባሉ አልገባቸውም፤ ግን ከረጢቷ ገርማቸው ከወንበራቸው ተነሱ። ክሩን ፈትተው አዳፕተሯን መዳፋቸው ላይ አወጡ። ነጭ ነበረች። እንደ ወተት።

«እግዚኦ!» አሉ። «ሬዲዮ፣ ና እይ! ዕቃ እንዲህ ነው የሚያዝ።»

ሬዲዮ ፒንሳውን እንደያዘ አንገቱን አስግጎ አየ። «እማማ፣ ይህቺማ መደርደሪያ ላይ ካለው አዲሱ ትነጣለች! በምን አጠቧት? ይንገሩኝና ሸሚዜን ላምጣልዎት።»

«አፍህን ብታጥበው ይሻልሃል» አለች አክስቷ። ሱቁ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለሱቁ ከሁሉ ይበልጥ ሳቁና አዳፕተሯን ለጭምቷ አቀበሏት።

ጭምቷ ተቀበለች። አዳፕተሯ በጀርባዋ ተኝታ መዳፏ ላይ አረፈች። የእጇን አንጓ ትንሽ ማዞር ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። በዚያ ሳምንት ለስንት ሰው አድርጋዋለች። ቀና ስትል ግን ከአክስቷ ዓይን ጋር ተገጣጠመች። አክስቷ ከባንኮኒው ወዲያ ቆማ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ትንፋሿን ይዛ ነበር የምታያት። ገልብጣ ብታይ፣ ያሳደገቻትን ሴት በሰው ፊት «አላምንሽም» ያለቻት መሰላት። ሬዲዮስ ምን ይላል? «አክስቷንም ፈተሸቻት!» ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ይተርክባት የለ?

የአዳፕተሯን መንጣትም ልብ ብላለች። በጣም ነጣ ብላለች፣ ዓመታት ሳጥን ኋላ ለኖረች ዕቃ። ሐሳቡ ብልጭ ብሎ፣ ወዲያው «እታለም ናታ፣ ዕቃ አያያዝ ታውቅበታለች» በሚለው ኩራት ተሸፈነ።

ሳትገለብጣት ወደ ሬዲዮ አሳለፈቻት።

አክስቷ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች። «ተመስገን» አለች በዝግታ። ጭምቷ መንገዱ አድክሟት መሰላት። ባለሱቁ ወንበር ሳቡላት፤ «ጋዋን ተቆልሎብኛል» ብላ አልቀመጥም አለች። ስትወጣ ጭምቷን ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብላ ግንባሯን ሳመቻት። አክስቷ በሰው ፊት የምትስም ሰው አልነበረችም።

«ይህቺ የእማማ ደግሞ እምቢ አለች!» አለ ሬዲዮ ከጀርባ፣ እያማጠ። «ሌሎቹ ገና ፒንሳ ሲያዩ ነው ሽፋናቸው ውልቅ የሚል። ይህቺ ጥርሷን ነክሳለች።»

«የእታለም ዕቃ አይደለች?» አለች ጭምቷ። ፈገግታዋን እየደበቀች ነበር።

ስልኩ የተደወለው የዚያን ሳምንት ማለቂያ ላይ፣ ሱቁ ሰው በሞላበት ሰዓት ነው። የአክስቷ ጎረቤት፣ ፀጉር ሠሪዋ ነበረች። እያለከለከች ትናገራለች።

«ጭምቴ፣ አትደንግጪ። ደህና ናት። ደህና ናት ግን ነይ። ኮረንቲ ያዛት።»

«ምኑ? ካውያው ነው?»

«እኔ እንጃ። ድም ሲል ሰማሁ። ስገባ እጇ ከግድግዳው አልላቀቅ ብሎ ነበር። ሮጬ ቆጣሪውን አጠፋሁት። ሆስፒታል ወስደናታል፣ ነይ ብቻ።»

ጭምቷ እንዴት ሆስፒታል እንደደረሰች አታውቀውም። አክስቷ ለአዋቂ ሰው በሚያንስ አልጋ ላይ ጋደም ብላለች፣ ቀኝ እጇ እስከ አንጓው በፋሻ ተጠቅልሏል። መድኃኒት ተሰጥቷት አንቀላፍታ ነበር። ወጣቱ ሐኪም ጭምቷን ወደ ኮሪደሩ አውጥቶ አነጋገራት።

«ልቧ ደህና ነው። በዚህ ዕድሜ ትልቅ ነገር ነው፣ ከዚህ የባሰ ሊሆን ይችል ነበር» አላት። «ጉዳቱ ጣቶቿ ላይ ነው። አውራ ጣቷ ይድናል። ጠቋሚ ጣቷ ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ ነው የተቃጠለው። ቁስሉ ይደርቃል፤ ስሜቱ ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽሽም።» ከዚያ ለመጻፍ ያህል ብቻ፣ «ሥራዋ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃት።

ጭምቷ ነገረችው። ሐኪሙ ብዕሩን አንስቶ ሳይጽፍ ቆየ።

የሌሊት ልብስና ፎጣ እንድታመጣ ስለተነገራት ወደ አክስቷ ቤት ሄደች። ስፌት ቤቱ ተጠርጎ ግማሽ ላይ ቀርቷል። ጋዋኖቹ የሉም፤ በዚያው ጠዋት አልቀው፣ ተተኩሰው፣ መዋለ ሕፃናቱ ተረክቧቸው ሄደዋል። አክስቷ ትልቅ ሥራ ስታስረክብ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ሳጥኑን ገፍታ፣ መኪናዋን ነቅላ ከሥሩ ልትጠርግ ተነስታ ነበር። መጥረጊያው ወለሉ ላይ ወድቋል። ከሳጥኑ ኋላ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሁለት የብረት እግሮች ያለ ሽፋን ተተክለው ቀርተዋል።

ሽፋኑን ከወለሉ ላይ አነሳችው። ጥጉ የተሸረፈ፣ በመኪና ዘይት የተጨማለቀ፣ መሃሉ ላይ በጥቁር ፕላስተር ዙሪያውን የተጠመጠመ ነበር። ፕላስተሩ ከሙቀት ብዛት ተኮማትሯል። ገለበጠችው።

ኮከብ አልነበረውም።

ቁጭ አለች፣ አክስቷ ወንበር ላይ። ሱቅ የመጣችውን ነጭ አዳፕተር አሰበች፤ ሬዲዮ ፒንሳ ይዞ ሲያምጥባት፣ አልወልቅ ስትል። ያቺ አዲሷ ነበረች። እሷው ራሷ ከነካርቶኗ ይህ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ያስቀመጠቻት። ሬዲዮ አጣምሞ የጣላት ደህናዋን ነው። ጭምቷ ናት አሳልፋ የሰጠቻት።

ሆስፒታል ስትመለስ አክስቷ ነቅታ ነበር።

«አየሻት?» አለች፣ ጭምቷ ገና ሳትቀመጥ።

«አየኋት።»

«እንዲያ ሆና ለሰው ትሰጣለች? አንቺው ፍረጂ።» ድምፅዋ ደክሞ ነበር፤ ሙግቱ ግን አልደከመም። «የዚያን ዕለት ሳጥኑ ሥር ጎንበስ ብዬ አየኋት። አንድ ጊዜ ስትወድቅብኝ ተሸርፋ፣ በፕላስተር ጠምጥሜያት፣ ዘይት ጠጥታ፣ የሞተ አይጥ መስላ። ይህን ይዤ ባለሱቁ ፊት ልቁም? ‹የዚህች ልጅ ቤት እንዲህ ነው እንዴ› አይልም? አዲሷ ደግሞ ተቀምጣለች። በመልክ አንድ ናቸው ብለሽኛል። አንድ ወሰድሽ፣ አንድ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ማን ምን ይልሻል አልኩ።»

«እታለም፣ አልሰረቅኩም ብዬሽ ነበር እኮ።»

«ብለሽኛል። እየሳቅሽ።»

ጭምቷ ያመጣችውን ፎጣ አልጋው ራስጌ ላይ አስቀመጠች።

«አንቺ ስትደነግጪ ነው የምትስቂ። ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቅሻለሁ። የፀጉር ሠሪዋን መስተዋት የሰበርሽ ዕለት ምን አደረግሽ? እንዲሁ ስትስቂ ነው ያገኘሁሽ። የኮረንቲውን ነገር ደግሞ እኔ እንዳላፍር ብለሽ ያመጣሽው መሰለኝ። ምስኪን፣ ምን ሰበብ ትፈጥር ይሆን ብላ ስትጨነቅ አድራለች አልኩ።» ባልተጎዳው እጇ አንሶላውን አስተካከለች። «ብትቆጪኝ ኖሮ አምንሽ ነበር። ጮኸሽ፣ ‹ትሞቻለሽ!› ብትይኝ። አንቺ ግን መቼ ጮኸሽ ታውቂያለሽ?»

የወቀሳ ድምፅ አልነበረውም። እንዲያውም እንደ ሙገሳ ነበር ያለችው፤ እንግዳ ሲመጣ «የኔ ልጅ እኮ ድምፅ የላትም» ስትል እንደኖረችው። ጭምቷን የጎዳት ይሄ ነበር።

«እኔም አልገለበጥኳትም» አለች በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ሱቅ ያመጣሻትን። አዲሷ ጀርባዋ ላይ ኮከብ አላት። ለሁሉም ሰው እየገለበጥኩ ነበር የማየው። ብገለብጣት ወዲያው አውቅ ነበር፤ ቤት ድረስ መጥቼ ያቺን እነቅላት ነበር። እጄ ላይ ነበረች እታለም። አንቺ እያየሽኝ ስለነበር... አፍሬ...»

ለመንገደኛው፣ ለነገረኛው፣ ለዚያ ሊያታልላት ለመጣው ጎረምሳ እንኳ ያልነፈገችውን ጥንቃቄ ለዚህች ሴት ነፍጋታለች። ያውም አክብራት።

አክስቷ ጥቂት አሰበችና፣ «እንኳንም አልገለበጥሽ!» አለች። «ያ ሁሉ ሰው ፊት ብትገለብጫት እኔን ምን ይውጠኝ ነበር? ያ ለፍላፊ ልጅ አፍ ውስጥ ልገባ?» ለመሳቅ ሞከረች። ሳቁ መሃል ላይ ቆመ።

«ጣትሽ እኮ...» አለች ጭምቷ።

«ሰምቻለሁ። ሐኪሙ የተኛሁ መስሎት ነው ኮሪደር ላይ ያወራው።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ግድግዳው ላይ ምንም አልነበረም። «ሌሎቹ አሉ» አለች ቆይታ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ሌሎቹ ግን ጨርቅ አያውቁም» አለች።

ጭምቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግራ እጇን ያዘችላት። አክስቷ እጇን አልነጠቀቻትም።

በማግስቱ ለባለሱቁ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሬዲዮ ባንኮኒው ጥግ ላይ ቆሞ ሰማ፤ ፒንሳውን አስቀመጠ። ባለሱቁ «ጥፋቱ የዕቃው ነው፣ የሠራው ፋብሪካ ነው» አሉ መጀመሪያ። «እኔ ገልብጬ ማየት ነበረብኝ» ስትላቸው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው አዩት። «መጀመሪያ የያዝኳት እኔ ነኝ» አሉ። «‹ዕቃ እንዲህ ነው የሚያዝ› ብዬ ለሰው ያሳየሁ እኔ ነኝ።» አንዲት ሴት አሮጌ አዳፕተር ይዛ ገባች፤ ጭምቷ ተቀብላ ገለበጠችው።

የአክስቷ ቁስል እየቆየ ደረቀ። አውራ ጣቷ ሐኪሙ እንዳለው ዳነ። ጠቋሚ ጣቷ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ግን የሚነካውን አያውቅም። ጥቂት ጊዜ በመሃል ጣቷ ልትሠራ ሞከረች፤ አንዲት ደንበኛዋ ያመጣችላትን ጨርቅ ፈተግ አድርጋ «ሲታጠብ አይገባም» አለችና ታጥቦ ግማሹን ገባ። ሴትየዋ ምንም አልተናገረችም፤ አክስቷም ከዚያ ወዲህ ሥራ አልተቀበለችም። የስፌት ቤቱን ቁልፍ ለአከራዩ መለሰች፣ መኪናዋን ፀጉር ሠሪዋ ዘንድ በአደራ አስቀመጠችና፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጭምቷ ወደተከራየችው ክፍል መጥታ አብራት መኖር ጀመረች።